ተከፍተው ያደሩት ማሽኖች

ቆቦ ውስጥ ኮምፒውተር የሚገድሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ አቧራ፣ ሙቀትና የክፍል ኃላፊ። አቧራውን በጨርቅ ጠርጌዋለሁ። ሙቀቱን መስኮት ከፍቼ፣ የማሽኖቹን ጎን ፈትቼ፣ የራሴን ቬንትሌተር ከቤት አምጥቼ ታግዬዋለሁ። ኃላፊውን ግን ምንም ማድረግ አልቻልኩም፤ ሁሉም ሰው ይወደው ነበር።

ጊዜው በእኛ አቆጣጠር የሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ነው። ከተማዋ ዳር ባለ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ውስጥ ኔትወርክ አስተምር ነበር። አስተምር ነበር ስል ራሴን ያስቀኛል፤ የኔትወርክ ክፍል ይባል እንጂ ሰርቨር የሚባል ነገር አልነበረውም። የነበሩን በእርዳታ የመጡ ዴስክቶፖች ናቸው። ገና ከካርቶን ሲወጡ ያረጁ ነበሩ፤ ከዚያ የቆቦ አቧራ ተጨመረባቸው። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ ማለት ይህ ነው። ማሽኖቹን የሚያገናኘው ሳጥን ግማሽ ቀዳዳው ሞቷል። ሌላ ይገዛ ብዬ በጠየቅሁ ቁጥር «በሚቀጥለው በጀት» ይሉኛል። የሚቀጥለው በጀት ሲመጣ ለእንግዳ መቀበያ ሶፋ ተገዛበት።

ስለዚህ የሌለንን ሰርቨር ካለን ዴስክቶፕ ሆድ ውስጥ አወጣሁት። ቨርቹዋል ማሽን ይባላል። አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ፕሮግራም ይጫንና ያ ፕሮግራም ሌላ ኮምፒውተር ሆኖ ይሠራል፤ የራሱ ስም አለው፣ የራሱ አድራሻ አለው፣ ሲፈልግም ለብቻው ይበላሻል። አንድ ክረምት ሙሉ ተቀምጬ ሁለት እንዲህ ያሉ ማሽኖች ሠራሁ። አንዱ ሰርቨር ነው፤ ለሌሎች አድራሻ ያድላል፣ ተጠቃሚዎችን ይመዘግባል። ሌላው ክላየንት ነው፤ ከሰርቨሩ አድራሻ ተቀብሎ ይገባል። ጥንዶቹን በሁሉም ዴስክቶፕ ላይ ገለበጥኳቸው። ግልባጭ ስለሆኑ ሰርቨሮቹ ሁሉ አንድ ስምና አንድ አድራሻ ነበራቸው። ይህን አውቄ ነው የተውኩት፤ እርስ በርሳቸው እስካልተያዩ ድረስ ምንም አይጎዳም።

እንዳይተያዩ የሚያደርገው ደግሞ የኔትወርክ ምርጫው ነው። ምሳሌ አልወድም፤ ምሳሌ ሰምቶ የሄደ ተማሪ ምሳሌውን ይዞ ነገሩን ይጥላል። ግን ሌላ መንገድ ስላጣሁ፣ አብዛኞቹም ተከራይተው የሚኖሩ ልጆች ስለነበሩ፣ በተከራይ አስረዳኋቸው። ናት የሚባለው ምርጫ ደባል ነው፤ ውጭ ያለ ሰው የሚያውቀው ባለቤቱን ብቻ ነው፤ ደባሉ የሚፈልገውን ሁሉ በባለቤቱ ስም ያስመጣል። ብሪጅድ የራሱን በር ወደ መንገድ ያወጣ ተከራይ ነው፤ ሰፈሩ በስሙ ያውቀዋል፣ በስሙ ይጠራዋል። ሆስት ኦንሊ የጓሮ ቤት ነው፤ ከግቢው ሰው ጋር ብቻ ይነጋገራል፣ መንገድ የሚባል አያውቅም። የእኛ ማሽኖች የጓሮ ቤት ናቸው፤ እንደዚያው ይቆያሉ አልኳቸው።

«ሁላችሁም አንድ ስም ኖሯችሁ አንድ መንገድ ላይ በር ብታወጡና አንድ ሰው በስማችሁ ቢጣራ፣ ማን ቤት ይገባል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ልጆቹ ተያዩ። ከኋላ አንዲት ሴት፣ «ቀድሞ አቤት ያለው ቤት ነዋ» አለች።

ትክክል ነበረች። ኔትወርኩ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ሁሉም ሰርቨር አድራሻ አዳይ ከሆነ፣ ክላየንቱ ቀድሞ የመለሰለትን ይከተላል። ያ ሰርቨር የጎረቤት ይሁን የራሱ አያውቅም።

ይህች ሴት ከክፍሉ ሁሉ በዕድሜ ትበልጥ ነበር። ከሮቢት ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች ናት። ቆቦ የምትኖረው አንዲት ዘመዷ ቤት ነው፤ ዘመድ ይበሉት እንጂ ሠራተኛ ነበረች። ጠዋት የቤቱን ሥራ ጨርሳ እየሮጠች ትመጣለች፣ እጇ ላይ ሽንኩርት ይሸታል፣ የምትቀመጠውም ሁልጊዜ በጣም ቀርፋፋው ማሽን ላይ ነው፤ ቀድመው የሚደርሱት ልጆች ፈጣኖቹን ስለሚይዙ። በዚያ ዓመት ሮቢት ያለ አንድ ትንሽ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮቹን የሚይዝለት ሰው ፈልጎ እሷን መርጧት ነበር። የብቃት ምስክር ወረቀቷን እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካመጣች ሥራው የእሷ ነው፤ ካላመጣች ለተከታዩ ይሰጣል። ዘመድ ተብዬዋ ደግሞ ለምዘናው ቀን ብቻ ፈቅዳላታለች። «ከዚያ ወዲያ ወይ ቤቴን ያዢ ወይ ኮምፒውተርሽን» ብላታለች። ሌሎቹ ቢወድቁ ደሴ ሄደው ይደግማሉ። እሷ ደሴ የምትሄድበት ቀን አልነበራትም።

ምዘናው የሚሰጠው ከደሴ በሚመጡ መዛኞች ነው። ያስተማረ ሰው ክፍሉ አጠገብ አይደርስም፤ ሕጉ ነው፣ ሕጉም ትክክል ነው። ከዋዜማው ጀምሮ ክፍሉን የሚያዘጋጀውና ቁልፉን የሚይዘው የክፍል ኃላፊው ነው።

ስለ ኃላፊው ልናገር። ቀድሞ የጽሕፈት መኪና ያስተምሩ ነበር፤ የጽሕፈት መኪና ሲቀር ኮምፒውተር ላይ ሾሟቸው። ከተማው ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ለቅሶ ቀድመው የሚደርሱ፣ ሠርግ የሚመሩ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ሸሚዛቸው በዚያ ሙቀት የማይጨማደድ ሰው ናቸው። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ክፉ ሰው ከበር ሲገባ ትጠነቀቃለህ፤ ለጋሼ ግን ወንበር ታነሣለህ። እኔ እጠላቸው ነበር፤ ዛሬም እጠላቸዋለሁ። በዚህ የሚያዝንብኝ ሰው ይዘንብኝ።

በምዘናው ጠዋት ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ቆሜያለሁ። ልጆቹ ገብተዋል፣ በሩ ተዘግቷል። ጋሼ ፈገግ ብለው ወደ እኔ መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ትናንት ልታሳፍረኝ ነበር» አሉኝ።

«በምን?»

«እንግዶቹን መዛኞች ማታ ክፍሉን አሳየኋቸው። አንደኛው ላፕቶፑን ገመዱ ላይ ሰክቶ 'ሰርቨሮቻችሁ የታሉ? አንድም አይታየኝም' አለኝ። መሬት ዋጪኝ አልሁ። ለካ አንተ ሁሉንም ዘግተሃቸው ኖሯል። እንግዳ ሲመጣ በሩን ዘግቶ የሚጠብቅ ማን አለ? አብሽር፣ ያኔውኑ እየዞርሁ ከፈትኋቸው።»

«ብሪጅድ አደረጓቸው?»

«አዎ፣ እሱን። አንድ ቀን ስታሳያቸው በመስኮት አይቼ ነበር። እንግዳው ደግሞ ሲከፍተው ሁሉም ታዩት፤ ደስ አለው።»

ታዩት እንጂ፤ አንዱን ስም ይዘው ነው የታዩት። እዚያው ቆሜ የሚሆነውን ሁሉ በራሴ ውስጥ አየሁት። ሰርቨሮቹ ሁሉ በአንድ አድራሻ መንገድ ላይ ወጥተዋል። ክላየንቶቹ አድራሻ ሲለምኑ ፈጣኑ ማሽን ላይ ያለው ሰርቨር ቀድሞ ይመልሳል። ተመዛኙ በራሱ ሰርቨር ላይ ተጠቃሚ ይመዘግባል፤ ክላየንቱ ግን የሌላ ሰው ሰርቨር ጋ ሄዶ ይጠይቅና እንዲህ ያለ ተጠቃሚ የለም ይባላል። ልጁ ሁሉን ነገር በትክክል ሠርቶ ይወድቃል።

ይህን በአጭር ቃል አስረዳኋቸው። ጋሼ ሞኝ አይደሉም፤ ገባቸው። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ።

«እኔ መግባት አልችልም» አልኳቸው። «እርስዎ ይችላሉ። ገብተው 'ማሽኖቹ ሆስት ኦንሊ መሆን ነበረባቸው፣ ይመለሱ' ይበሉ። ጥቂት ጠቅታ ነው፤ ከምዘናው ሰዓት ምንም አይቀንስም።»

«እንግዳ ፊት ቆሜ ተሳስቼ ነበር ልበል?»

«አዎ።»

«ትናንት በኩራት ያሳየሁትን? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው ይሳቅብዎት። እዚያ ውስጥ እንጀራዋ በዚህ ምዘና ላይ ያለ ሴት አለች።»

ንቅንቅ አላሉም። በዚያ ጊዜ ነው ደንቆሮ ያልኳቸው። የግቢው ዘበኛ ይሰማ ነበር፤ እንዲሰማም ነው ያልኩት። ጋሼ የሸሚዛቸውን ኮሌታ አስተካከሉ፣ ከቢሮ ለመዛኞቹ የተዘጋጀውን የታሸገ ውሃ ይዘው ወደ ክፍሉ ገቡ። ውሃውን ሰበብ አድርገው ሊናገሩ ነው ብዬ ልቤ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆዩ ወጡ።

«አብሽር፣ ሁሉም ሰላም ነው» አሉኝና ወደ ቢሯቸው ሄዱ።

ልጆቹ ሲወጡ ፊታቸውን አይቼ ገባኝ። አንዱ ብቻ ይስቃል፤ የክፍሉ ሰነፍ ነው። ሰርቨር ከክላየንት የማይለይ ልጅ፣ ፈጣኑ ማሽን ላይ ስለተቀመጠ የሁሉም ክላየንት ለእሱ ሰርቨር ገብሮለት ወጣ። ሴትዮዋ መጨረሻ ላይ ወጥታ እኔ ወደቆምኩበት ዛፍ መጣች።

«ቲቸር፣ የኔ ክላየንት አድራሻ የወሰደው ከኔ ሰርቨር አይደለም» አለችኝ። «ብሪጅድ ላይ ነበር።»

«አይተሽዋል?»

«ገና ስከፍተው አየሁት።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ተናገርሁ እንጂ። እጄን አውጥቼ 'ይህን ሆስት ኦንሊ ላድርገው?' አልሁ። መዛኙ ራቅ ብለው በስልክ ያወሩ ነበር። ጋሼ ውሃውን ይዘው አጠገቤ ቆመዋል። 'ተስተካክሎ የቀረበልሽን አትንኪ' አሉኝ።»

«ብትነኪውስ?»

ያላበደ ሰው እንዲህ ይጠይቃል ወይ በሚል ዓይን አየችኝ።

«እንዴት ብዬ? እሳቸው በእንግዳ ፊት አትንኪ ብለውኝ?»

ጮኼ ልናገራት ነበር። ያልጮኽኩት ዘበኛው ጆሮውን አቁሞ ስላየሁት ነው። ይሉኝታን ጨዋነት ብሎ ለልጅ የሚያስተምር አገር ላይ ምን ያህል እንደተናደድኩ የማውቀው እኔ ነኝ። አትንኪ ያሏት ሰው ማሽኑን እንደማያውቁት ታውቃለች። እሷ እንደምታውቀው እሳቸውም ያውቃሉ። ግን አንዳቸው ታላቅ ናቸው፣ አንዷ ታናሽ ናት፣ እንግዳ ተቀምጧል፤ በቃ፣ ነገሩ አለቀ።

ከሰዓት ውጤቱ ተነገረ። እሷን ጨምሮ አብዛኞቹ ገና ብቁ አይደሉም ተባሉ።

መዛኞቹ ወዳረፉበት፣ አውራ ጎዳናው ዳር ወዳለው ሆቴል ሄድኩ። ሽንኩርት የጫኑ አይሱዙዎች በረንዳው ሥር ይጮኻሉ፣ ከጎን ካለው ቡና ቤት የትግርኛ ዘፈን ያጓራል፤ በዚያ መሃል ዋናውን መዛኝ ተቀምጬ አስረዳሁት። ሙያውን የሚያውቅ፣ የደከመው ሰው ነበር። ሰምቶኝ ሲያበቃ እንዲህ አለኝ፤ «ሌሎቹ ችግሩን አላዩትም፤ እነሱ ይድገሙ። እሷ ግን አይታ ለማስተካከል ጠይቃ ከተከለከለች ጉድለቱ የእሷ አይደለም። ክፍሉን ያዘጋጀው ሰው ይህን ያረጋግጥልኝ፣ እሷም ታረጋግጥ። ነገ ጠዋት ለሌላ ክፍል ምዘና እዚሁ ነን። እሷን በመጀመሪያ አስገባታለሁ።»

ከዚህ የተሻለ ነገር ማንም ሊሰጠኝ አይችልም ነበር። እየበረርኩ ጋሼ ቤት ሄድኩ፤ የሉም። እሷም ወደ እኔ እንድትመጣ መልእክት ላክሁባትና ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ቤት ስደርስ የግቢዬ በር ላይ ጋሼን ከሽማግሌዎች ጋር አገኘኋቸው።

በእኛ አገር ሽምግልና ሲመጣ ቄሱም ሼኹም አብረው ይመጣሉ፤ እምቢ የምትልበት ቀዳዳ እንዳይኖርህ። ጋሼ መሃላቸው አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። የመጡት ስለ ሴትዮዋ አልነበረም። ስሟንም አያውቁትም። የመጡት ደንቆሮ ስላልኩት ነው። ከተማዋ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ የሰማችው የእኔን ስድብ ብቻ ነበር።

ግቢ ውስጥ ወንበርና ዱካ አወጣሁ፤ ፀሐዩ ገና አልበረደም። ቄሱ ስለ ትዕግሥት ተናገሩ። ሼኹ፣ «ወላሂ፣ ይህ ሰው ባንተ ላይ ክፉ ቃል ሲወጣው አልሰማሁም። አፈር ስሆን፣ ታላቅህ ነው፣ ጉልበቱን ሳመው» አሉኝ።

«እስማለሁ» አልኩ። «ጉልበታቸውንም ጫማቸውንም እስማለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይናገሩ። ልጅቱ ስህተቱን እንዳየችና እንዳትነካ እንደከለከሏት አሁን እዚህ ይበሉ፤ ነገ ጠዋት ለመዛኙ ይድገሙት። ሥራዋን የምታገኘው በዚህ ብቻ ነው።»

ነገሩን ከሥር ከሥሩ ነገርኳቸው። ሮቢት ያለውን ሥራ፣ የሳምንቱን መጨረሻ፣ ደሴ መሄድ እንደማትችል፣ ሁሉንም። ሽማግሌዎቹ ወደ ጋሼ ዞሩ።

«ልጅቱን እንደ ልጄ ነው የማያት» አሉ ጋሼ። «እንግዳ ነበር፣ ግርግር ነበር። አንድ ነገር ብላለች መሰለኝ። ምን እንዳለች ግን በደንብ አልሰማሁም።»

ውሸት ነው። ሰምተዋል፤ መልሰውላታል። ይህን ልናገር አፌን ስከፍት በሩ ተንኳኳና እሷ ገባች። ሽማግሌዎቹን ስታይ ደነገጠች፤ ነጠላዋን አስተካክላ በየተራ እጅ ነሣችና በሩ አጠገብ ቆመች። ቁጭ በይ ቢሏት እምቢ አለች።

«ደግ ጊዜ መጣሽ» አሉ ቄሱ። «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው። አንቺው ተናገሪ ልጄ። ዛሬ ያ ማሽን ሲበላሽ አውቀሽው፣ ጋሼሽ ከልክለውሽ ነው የተውሽው? ወይስ አላወቅሽውም ነበር?»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነ የሰዎቹ ነገር፤ መጠየቅ የነበረባቸው ሰው ፊት ለፊታቸው ተቀምጧል። ሆኖም ግድ አልሰጠኝም። እውነቱን እሷ ትናገረው እንጂ ማንም ይጠይቃት። «ንገሪያቸው» አልኳት፤ «ለእኔ ጠዋት እንደነገርሽኝ አድርገሽ። መዛኙ ነገ ይጠብቅሻል፤ ከሁሉ በፊት ትገቢያለሽ።»

ይህን ስትሰማ ፊቷ እንዴት እንደበራ ዛሬም አልረሳውም። ሊሆን እንደሚችል አላወቀችም ነበር። ከዚያ ወደ ጋሼ አየች። ጋሼ አንገታቸውን አላነሡም፤ ሁለት እጃቸውን በጉልበታቸው መሃል አጣብቀው ይዘዋል። እኔም አየሁት። ለእኔ የፈሪ እጅ ነበር። ለእሷ ምን እንደመሰላት አላውቅም።

«አላወቅሁትም ነበር» አለች።

«ምን?» አልኩ።

«አላወቅሁትም ነበር አባቶቼ። ቲቸር ለኔ አዝነው ነው።»

«ትዋሻለች» ብዬ ተነሣሁ። «ክፍል ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ ቀድማ የገባት እሷ ናት። ዛሬ ጠዋት አጠገቤ ቆማ ነግራኛለች።»

ሼኹ እጄን ይዘው አስቀመጡኝ። «ተው ልጄ። ምስክርህ ናት፤ የጠራሃትም አንተው ነህ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር፤ የጠራኋት እኔ ነኝ። አስነሡኝና የጋሼን ጉልበት ሳምኩ። ትከሻዬን አቅፈው፣ «እኔ ቂም የለኝም» አሉኝ። ላባቸው ፊቴ ላይ ቀረ። ሽማግሌዎቹ በየሃይማኖታቸው መረቁ፣ ሁሉም አሜን አለ፣ እሷም አሜን አለች።

ጋሼ ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው እጃቸውን ራሷ ላይ አሳረፉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ የምር ነው እንባው፣ ይህን አልክድም።

«ጨዋ ልጅ ነሽ» አሏት። «ያሳደገሽ ይባረክ።»

እሷ ጎንበስ ብላ አመሰገነች። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር፣ እራት እንዳልሠራች ተናግራ ሄደች።